በሚኒሞ የሚከሰት ሚስፋየር፤ ዲስትሪቢዩተር በሌለው ሞተር ላይ

መኪናው ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት) ሲሰራ መሪው ይንቀጠቀጣል። የጭስ ማውጫው ድምፅ ወጥ አይደለም፤ በየመሃሉ ይቆራረጣል። ነዳጅ ሲሰጡት ግን ይስተካከላል። መካኒኮች "በሦስት ነው የሚሰራው" ይላሉ፤ ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ እሳት አልያዘም ማለታቸው ነው። ሚስፋየር የሚባለው ይህ ነው።

ድሮ አንድ ኮይል (ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው እቃ) ብልጭታውን በዲስትሪቢዩተር በኩል ለሁሉም ካንዴላዎች (ሲሊንደር ውስጥ እሳት ለሚጭሩት) ያድል ነበር። ዲስትሪቢዩተር አልባው ሲስተም ያንን የሚሽከረከር ክፍል አስቀርቶታል። የክራንክሻፍት ሴንሰር ፒስቶኖቹ የት እንደደረሱ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩም ኮይሎቹን ያዛል። በአንዳንዶቹ ላይ አንድ ኮይል ሁለት ሲሊንደር ያገለግላል፤ እዚህ የምናየው ይህን ነው። በአራት ሲሊንደር ሞተር አብዛኛውን ጊዜ 1 ከ4፣ 2 ከ3 ይጣመራሉ። ሁለቱ ፒስቶኖች እኩል ይወጣሉ፤ አንዱ አየርና ቤንዚኑን ሲያምቅ ሌላው ጭስ ያስወጣል። ብልጭታው ለሁለቱም ይደርሳል፤ ጭስ የሚያስወጣው ጋ የደረሰው ግን በከንቱ ይባክናል።

ይህ ጥምረት ብዙ ልፋት ያቀልላል። 1 እና 4 አብረው ካስቸገሩ ጥርጣሬው ኮይሉ፣ ሶኬቱ ወይም ከኮምፒውተሩ የሚመጣው ሽቦ ላይ ነው። አንዱ ብቻ ካስቸገረ ግን ኮይሉን ለመቀየር አይቸኩሉ። ካንዴላው፣ የካንዴላው ገመድ፣ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ወይም ቫልቩ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ሁለቱ ካንዴላዎች በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ስላሉ፣ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ ገመድ ጓደኛውንም ሊያውክ ይችላል።

የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ የዲያግኖስቲክ ማሽኑ ይናገራል። ፒ0302 ካለ ሁለተኛው ነው፤ ፒ0300 ካለ ችግሩ ከአንድ ሲሊንደር አልተያያዘም። ከዚያ የሁለተኛውን ካንዴላ ከአንደኛው ጋር ያቀያይሩ። ኮዱ ወደ ፒ0301 ከዞረ ጥፋተኛው ተገኘ። እቃ ከመግዛት በፊት ይህን ማድረግ ምንም አያስወጣም፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል።

ካንዴላው ከወጣ አይቀር ነጩን ሸክላ በደንብ ይዩት። በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ካለው፣ ብልጭታው ጫፉ ላይ መዝለሉን ትቶ በጎን እየሾለከ ነው። ብዙ ጊዜ ካንዴላውን በሚሸፍነው ጎማ ውስጥም ያው መስመር ይገኛል። ካንዴላውን ቀይሮ ጎማውን መተው ችግሩን መልሶ መጥራት ነው። ሌላው ዘዴ በጨለማ ሞተሩን አስነስቶ ገመዶቹ ላይ ውሃ በስሱ መርጨት ነው። የሚሾልክ ካለ ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል። ኮይሉ ከ30,000 ቮልት በላይ ሊያመነጭ ስለሚችል እጅ ማስጠጋት አይገባም። ሞተር እየሰራ የካንዴላ ገመድ መንቀልም ሰውንም ኮይሉንም ይጎዳል። ሲሊንደር በሲሊንደር መፈተሽ ከፈለጉ የኢንጀክተሩን ሶኬት ይንቀሉ። ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ፣ ያ ሲሊንደር ቀድሞውንም አይሰራም ነበር።

አሁን ዋናው ነገር። ካንዴላ የሚፈልገው ቮልቴጅ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር ይጨምራል። ስለዚህ የደከመ ኮይል ይበልጥ የሚጋለጠው ዳገት ላይ፣ ጭነት ሲበዛ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ብቻ እየተቸገረ ዳገቱን ያለችግር ከወጣ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው አየሩን ነው። በሚኒሞ የአየር መግቢያው ሊዘጋ ጥቂት ስለሚቀረው ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ያለው መምጠጥ ኃይለኛ ነው። የተሰነጠቀች ትንሽ ቱቦ የምታስገባው አየር ያኔ ድርሻው ትልቅ ይሆናል። በማሽኑ ላይ ኮምፒውተሩ በሚኒሞ ብዙ ነዳጅ እየጨመረ፣ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲደርስ ጭማሪው ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይፈለግ። ጭስን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ ሳይዘጋ ሲቀርም ሞተሩ በሚኒሞ እንዲሁ ይንቀጠቀጣል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ኮምፕሬሽን (ፒስቶኑ ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካል። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በጣም ካነሰ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ አድርገው ደግመው ይለኩ። ንባቡ ከፍ ካለ የፒስቶን ቀለበቶቹ አልቀዋል። ንቅንቅ ካላለ ቫልቩ በደንብ እየገጠመ አይደለም፤ ወይም የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተበልቷል።