የግዕዝ ፊደል በዶሜይን ስም፦ የቴክኖሎጂ ማኅበራዊ ጥናት ለኢንተርኔት አስተዳደር ምርምር

የኢንተርኔት አስተዳደር ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ሕግና ስብሰባ ነው። የቴክኖሎጂ ማኅበራዊ ጥናት የሚመረምረው ከእነዚህ ሥር ያለውን የኮድ ሠንጠረዥ፣ ፕሮቶኮል (ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት ደንብ) እና የስም መዝገብ ነው። የዚህ መስክ ተመራማሪ ሱዛን ሊ ስታር መሠረተ ልማት ጎልቶ የሚታየው ሲበላሽ እንደሆነ ጽፈዋል፤ የኢንተርኔት አስተዳደር ምሁሯ ላውራ ደናርዲስም የቴክኒክ ደረጃዎች ሥልጣን የሚሠራባቸው ቦታዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። የጥንታዊው ፊደላችን ጉዞ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ከዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ደረጃ) በፊት አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ስለነበረው ሆሄያቱ በተለያዩ ፎንቶች ይከፋፈሉ ነበር። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 እያንዳንዱን ሆሄ በራሱ ኮድ መዘገበ። ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሊን፣ ለጋሞና ለጉሙዝ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ሆሄያት በ2005 እና በ2010 ተከተሉ። ማን ቀድሞ ገባ፣ ማንስ ጠበቀ የሚለው ራሱ የጥናት ጥያቄ ነው።

ክርክሩ የሚበረታው በዶሜይን፣ ማለትም በድረ ገጽ አድራሻ ስም ላይ ነው። የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ ድርጅት አይካን፣ ለሥርወ ዞኑ (የአድራሻዎች የመጨረሻ ክፍል ለሚመዘገብበት የበላይ ዝርዝር) ስሞች ደንብ የሚያስወጣው በሁለት ደረጃ ነው፦ የፊደሉ ባለሙያዎች ቡድን ረቂቅ ያቀርባል፣ ከዚያ አዋሃጁ ቡድን ይቀበለዋል ወይም ይጥለዋል፤ ራሱ ግን አያርመውም። የግዕዝ ደንብ በ2017 ጸደቀ። አኃዝና ሥርዓተ ነጥብ አይፈቀዱም። ዋናው ጉዳይ ሞክሼ ሆሄያት ናቸው። «ፀሐይ» በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፦ የመጀመሪያው ሆሄ 2 አማራጭ፣ ሁለተኛው 6 (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) አለው። አንዱን አጻጻፍ ባንክ ቢይዘው ሌላውን አጭበርባሪ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ደንቡ በአማርኛ የሚመሳሰሉ ሞክሼዎችን ተለዋጭ አድርጎ ያያይዛል፤ አንዱ ስም ሲሰጥ ሌላው ይታገዳል። ለደኅንነት ሲባል ውሳኔው ትክክል ነበር። ሆኖም ትግርኛ ሀን ከሐ፣ አን ከዐ በድምፅ ይለያል፤ በግዕዝም ሠረቀ «(ፀሐይ) ወጣ»፣ ሰረቀ «ሌባ ሆነ» ነው። የአንድ ቋንቋ ጆሮ ለሁሉም ተጠቃሚ ደንብ ሆኗል ማለት ይቻላል፤ በመዝገብ ደረጃ ሌላ አማራጭ ነበረ ወይ የሚለው ግን አከራካሪ ነው።

እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚያጠና ሰው የጸደቀውን ሰነድ ብቻ ካነበበ የተሸነፉትን አማራጮች አያገኛቸውም። ረቂቆቹን በቅደም ተከተል አነጻጽሮ፣ የሕዝብ አስተያየቶችንና የተሰጣቸውን ምላሽ አያይዞ፣ የቡድኑን አባላት በሚናገሩት ቋንቋ ለይቶ ማየት አለበት። ቀጥሎ በግዕዝ የተጻፈ የኢሜይል አድራሻ በመንግሥትና በባንክ ቅጾች ላይ ይሞክር፤ ቅጹ የሚፈትሸው የላቲን ፊደል ብቻ ከሆነ አድራሻውን «ስሕተት» ብሎ ይመልሰዋል። በመዝገብ ፍለጋም ጥንቃቄ ያሻል፦ ስሙ የሚቀመጠው «ኤክስኤን» በሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላትና በሁለት ሰረዝ በሚጀምር የላቲን ቅርጽ ነው። በግዕዝ ሆሄ በቀጥታ የፈለገ ሰው ባዶ ውጤት ያገኝና ስሙ የለም ብሎ ይደመድማል። ስሞቹን መጀመሪያ ወደዚህ ቅርጽ መለወጥ፣ ከዚያ መቁጠር ይገባል። የተለወጠው ቅርጽም ከ63 ምልክት ሊበልጥ ስለማይችል ረጅም ስም በግዕዝ ሲታይ አጭር ቢመስልም ሊወድቅ ይችላል።