የፎቶ ካላንደር ምንድን ነው? ጳጉሜንስ የት ትገባለች?

የፎቶ ካላንደር የራስን ፎቶግራፎች ከዓመቱ ቀናት ጋር አጣምሮ በትእዛዝ የሚታተም የግድግዳ ወይም የጠረጴዛ ካላንደር ነው። አዛዡ ፎቶዎቹን ከስልኩ ወይም ከኮምፒውተሩ ወደ ማተሚያ ድርጅቱ ድረ ገጽ ይጭናል፤ ለየወሩ ምስል ይመርጣል፤ የልደትና የበዓል ቀናትን ይጽፋል፤ ከዚያም ይከፍላል። ካላንደሩ ታትሞና ተጠርዞ በፖስታ ይደርሰዋል። ባንኮችና ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው ከሚያድሉት ካላንደር የሚለየው የአንድ ቤት ብቻ መሆኑ ነው። በጥቅምት ገጽ ላይ የሚታዩት አያት የዚያ ቤት አያት ናቸው፤ በየካቲት የሚስቀው ሕፃንም የዚያው ቤት ልጅ ነው።

ለአንድ ቤተሰብ ተብሎ አንድ ቅጂ ማተም ቀደም ባለው ዘመን ኪስ የሚችለው ነገር አልነበረም። በኦፍሴት ማተሚያ ባለቀለም ገጽ ለማውጣት በአራቱ መሠረታዊ የሕትመት ቀለማት ልክ አራት ፕሌት (ምስሉ የሚቀረጽበት የማተሚያ ሰሌዳ) መዘጋጀት አለበት። አንድ ቅጂም ይታተም አሥር ሺህ፣ የዝግጅቱ ወጪ ያው ስለሆነ ማተሚያ ቤቶች የሚፈልጉት በመቶና በሺህ የሚቆጠር ትእዛዝ ነበር። ኢንዲጎ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ በ1993 እ.ኤ.አ. ያለ ፕሌት በቀለም የሚያትም ዲጂታል ማሽን ለገበያ ሲያቀርብ ይህ ስሌት ተለወጠ። እንዲህ ያለው ማሽን እያንዳንዱን ገጽ ከቀዳሚው የተለየ አድርጎ ማተም ይችላል። በ1999 እ.ኤ.አ. የተመሠረቱት ሹተርፍላይና ስናፕፊሽ የተባሉ የአሜሪካ ድርጅቶች ደግሞ ፎቶን በኢንተርኔት አዝዞ ማሳተምን ለብዙ ሰው አስለመዱ።

የእነዚህ ድርጅቶች ዝግጁ ንድፎች ግን የተሠሩት ዓመቱ በጃንዋሪ ተጀምሮ በዲሴምበር ለሚያልቅበት ሰው ነው። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ያ ካላንደር ለሥራና ለትምህርት ቤት ይበቃዋል። ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ዓመት ግን ከመስከረም 1 የሚነሳው፣ 13 ወር ያለው ዓመት ነው። ፎቶ ለመምረጥ ሌሊቱን የሚያመሽ ቤተሰብ ማሳተም ያለበት ይህንኛውን ይመስለኛል። ውጭ አገር የተወለደ ልጅ ሚያዝያ ከግንቦት እንደሚቀድም አንድ ጊዜ ተነግሮት አይይዘውም፤ ቁርስ ሲበላ በየቀኑ የሚያየው ግድግዳ ግን ያስይዘዋል።

አንዳንድ ድረ ገጾች የመነሻውን ወር እንድንመርጥ ይፈቅዳሉ። ሴፕቴምበርን መምረጥ ግን ነገሩን አይፈታውም፤ የምናገኘው ከሴፕቴምበር 1 እስከ 30 ያለውን ነው፤ መስከረምም ለሁለት ገጽ ተከፍሎ ይቀራል። የሚሻለው የቀናቱን ሠንጠረዥ ራስ አዘጋጅቶ፣ ደንበኛው የሠራውን ፒዲኤፍ እንዳለ ተቀብሎ የሚያትም አገልግሎት መምረጥ ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ያላቸው ማተሚያ ድርጅቶች ብዙ ናቸው።

ጳጉሜንን ብዙ ጊዜ የምናያት ከነሐሴ ገጽ ግርጌ በአምስት ትንንሽ ሳጥኖች ተጨናንቃ ነው። እንዲህ መሆን የለበትም፤ ምክንያቱ ደግሞ ከጥራዙ ውስጥ አለ። እንደ ደብተር መሃሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ ካላንደር የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት፤ አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናልና። ለግድግዳ ካላንደር የተለመደው 28 ገጽ ነው። የፊትና የኋላ ሽፋን ሲቀነስ 26 ገጽ ይቀራል፤ ይህም ካላንደሩ ተከፍቶ ሲሰቀል ከላይ ፎቶ፣ ከታች ቀናት የሚይዙ 13 ጥንድ ገጾች ማለት ነው። የፈረንጆቹ ዓመት 12ቱን ይወስድና ለ13ኛው ሥራ ይፈልግለታል፤ ወይ የሚቀጥለው ዓመት በአጭሩ ይታተምበታል፣ ወይ ለማስታወሻ ባዶውን ይተዋል። ለእኛ ያ ጥንድ የጳጉሜን ነው። አንድ ገጽ አይጨመርም፣ አንድም አይባክንም። ቀናቱ አምስት ወይም ስድስት ብቻ ስለሆኑ ሳጥኖቹ ሰፋ ይላሉ፤ የተረፈው ቦታ በዓመቱ ውስጥ ለተወለዱት፣ ለተመረቁትና ለተጋቡት ፎቶዎች ይበቃል። ጥራዙ ስፒራል ከሆነ ደግሞ ወረቀት መጨመር ስለሚቻል፣ ድርጅቱ 13 ወር መቀበሉን ብቻ ከመክፈል በፊት ማረጋገጥ ነው።

ሠንጠረዡን መሥራት ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። ከጳጉሜን በቀር ወሮቹ ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ፣ እያንዳንዱ ወር ካለፈው ወር መነሻ ሁለት ዕለት ተራምዶ ይጀምራል። የ2019 ዓ.ም.ን እንውሰድ። መስከረም 1 ዓርብ ነው። ስለዚህ ጥቅምት እሑድ፣ ኅዳር ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ ሐሙስ፣ ጥር ቅዳሜ፣ የካቲት ሰኞ እያለ ይሄድና ጳጉሜን ሰኞ ይገባል። አንድ ጊዜ ከሠሩት በኋላ ጳጉሜን 1 ሰኞ ላይ ካልዋለ መሃል ላይ የተዛባ ወር አለ ማለት ነው፤ ተመልሶ መቁጠር ያስፈልጋል። ሳምንቱን ከእሑድ ለሚያስጀምር ሰው፣ ጥርና ነሐሴ ቅዳሜ ስለሚገቡ ስድስተኛ ረድፍ ይጠይቃሉ፤ ንድፉ አምስት ረድፍ ብቻ ካለው 30ኛው ቀን መግቢያ ያጣል። ከሰኞ ለሚያስጀምር ደግሞ ይህ ችግር የሚመጣው በጥቅምትና በግንቦት ነው።

በየሳጥኑ የእኛን ቀን በትልቁ፣ የፈረንጆቹን በጥግ በትንሹ መጻፍ በአገር ቤት ካላንደሮችም የተለመደ ነው፤ ያለዚያ የሐኪም ቀጠሮ ሊጻፍበት አይችልም። የሁለቱ ቀኖች ጉዳይ አስቸጋሪ የሚሆነው በልደት ላይ ነው። ኅዳር 10 ቀን 1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፓስፖርቱ ላይ የሚሰፍረው ትክክለኛ ቀን ኖቬምበር 20, 1987 ነው። ያ ዓመት የገባው ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ስለሆነ መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነበር። በ2019 ግን ኅዳር 10 የሚውለው ኖቬምበር 19 ላይ ነው። ታዲያ ልደቱ የት ይጻፍ? አገር ቤት የተወለዱትን በእኛው ቀን፣ ውጭ የተወለዱትን ልጆች በፈረንጆቹ ቀን መጻፍ ሁሉንም የሚያስማማ ይመስለኛል፤ እያንዳንዱ ሰው ሲከበርለት ያደገበት ቀን ይገኛልና። ለዚህ ሲባል እናትን ወይም አክስትን ደውሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ከድሮ ወረቀቶች ላይ ያለው ቀን ሲገለበጥ የተሳሳተበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዓላቱም እንዲሁ አንድ በአንድ ይረጋገጡ። የ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 እሑድ ነው። ወርኃዊ በዓላትን ለሚያከብር ቤት 12 ለሚካኤል፣ 21 ለማርያም፣ 27 ለመድኃኔዓለም በትንሽ ፊደል ቢጻፍ ያምራል። ኢድ አልፈጥርና ኢድ አልአድሃ (ዐረፋ) በጨረቃ መታየት ስለሚወሰኑ በአንድ ቀን ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ፤ ቀኑ አጠገብ ይህንኑ የሚያስታውስ ምልክት ማኖር ተገቢ ነው።

ሌላው ችግር ፊደላችን ነው። በድረ ገጹ የጽሑፍ ቦታ ላይ «መስከረም» ብለው ሲጽፉ ባዶ ሳጥኖች ብቻ ከታዩ፣ አገልግሎቱ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ የለውም ማለት ነው። አንዳንዴ ደግሞ በስክሪኑ ላይ በትክክል ይታይና ሲታተም ሳጥን ይሆናል። ከዚህ የሚያድነው ጽሑፉን በራስ ኮምፒውተር በኒያላ፣ በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም በአቢሲኒካ የፊደል ቅርጽ ጽፎ ፊደሉ አብሮ በሚቀመጥበት ፒዲኤፍ፣ ወይም ገጹን በሙሉ ምስል አድርጎ መላክ ነው።

ወደ ፎቶዎቹ ስንመጣ፣ ትልቁ ጠንቅ የምስሉ መጠን ነው። በአሜሪካ የተለመደው የካላንደር ገጽ 11 በ8.5 ኢንች ነው። ጥሩ ሕትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ስለሚፈልግ ምስሉ 3300 በ2550 ፒክስል ቢሆን ይመረጣል። ባለ12 ሜጋፒክስል ስልክ 4032 በ3024 ስለሚያነሳ ያለ ችግር ይበቃል። ያው ፎቶ በቴሌግራም በተለመደው መንገድ ሲላክ ግን ብዙ ጊዜ ረጅም ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል፤ በ11 ኢንች ላይ ሲዘረጋ በኢንች 116 ያህል ብቻ ይደርሰዋል፣ የሰው ዓይንና ጥርስም ይደበዝዛል። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ፎቶ የሚልኩልዎትን ዘመዶች በ«ፋይል» መልክ እንዲልኩት ይንገሯቸው፤ ያኔ ሳይቀነስ ይደርሳል። በአልበም ያለ የድሮ ፎቶ ካለ በስልክ ከማንሳት በስካነር መገልበጥ ይሻላል፤ 4 በ6 ኢንች የሆነ ፎቶ በኢንች 600 ፒክስል ሲገለበጥ 2400 በ3600 ፒክስል ያህል ይሆናል።

ስክሪን ብርሃን ይተፋል፤ ወረቀት ግን የክፍሉን ብርሃን መልሶ ከማንጸባረቅ በቀር የራሱ የለውም። ስለዚህ የታተመው ሁልጊዜ ከታየው ጠቆር ይላል። ይህ በተለይ ጠይም ፊት ላይ፣ ነጭ ልብስ ለብሰው ፀሐይ ላይ በተነሱ ሰዎች ይብሳል፤ ነጠላው እያበራ ፊቱ ጨለማ ይሆናል። ከመላክ በፊት ጥላው ያረፈበትን ክፍል ብቻ ትንሽ ማፍካት ያስፈልጋል። ምስሉ ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር እንዳይቀር በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ይተው፤ ፊትና ጽሑፍ ደግሞ ከጠርዙ ገባ ይበሉ። የማንጠልጠያው ቀዳዳ ከፎቶው ገጽ ላይኛ ጠርዝ መሃል ላይ ስለሚበሳ፣ በቡድን ፎቶ ላይ ረጅሙ ሰው እዚያ ቦታ እንዳይቆም ማየት ነው።

ስለ ወረቀት ብዙ አልልም፤ ቀጠሮ፣ የዕቁብ ቀንና የዕድር ስብሰባ የሚጻፍበት ከሆነ አንጸባራቂ ወረቀት እስክርቢቶ አይዝም፤ ያልተለበጠውን ይምረጡ። ትእዛዙ ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ በሐምሌ መጨረሻ ቢላክ ይመረጣል። ድርጅቶቹ በሥራ የሚጨናነቁት በኖቬምበርና በዲሴምበር ስለሆነ በእኛ አዲስ ዓመት ሰሞን ጊዜው ሰፊ ነው። አገር ቤት ላሉ ወላጆች አንድ ቅጂ ማድረስ ለሚፈልግ ግን የፖስታውና የጉምሩኩ ወጪ ከካላንደሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ፋይሉን አዲስ አበባ ላለ ማተሚያ ቤት ልኮ እዚያው ማሳተም ይቀላል።

ፋይሉ ሳይጠፋ ከተቀመጠ ለ2020 ዓ.ም. የሚለወጠው ጥቂት ነገር ነው። 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ መስከረም 1 ቀን 2020 እሑድ፣ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። እስከ የካቲት 21 ያሉት የጥግ ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ይገፋሉ። ልደትም በዚያ ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ስለሆነ፣ በ29 ላይ ያለውን «ገና» አንድ ሳጥን ወደ ኋላ ማምጣት ያስፈልጋል።