ጾም ምንድን ነው? «ማታ ይበሉ የለም እንዴ» ለሚሉ

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ደረሰኝ። የላከችልኝ እዚሁ ጅማ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ተናጋሪው «ጾም ማለት ከሥጋና ከወተት መከልከል ነው፤ ማታ ሥጋ የሚበላ ሰው ጾመ አይባልም» ይላል። ሌላው ደግሞ ተነስቶ ይመልስለታል፤ «እኛ ውሃ እንኳ አንቀምስም፣ እናንተ ሽሮ እየበላችሁ ጾምን ትላላችሁ።» ይህን ክርክር በየዓመቱ እሰማለሁ። ዘንድሮ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ሁለቱም የተሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነውና።

የራሳቸውን ቤት ሕግ የቃሉ ትርጉም አድርገውታል። ቃሉ ግን የጋራ ነው። በግእዝ ጾም፣ በዕብራይስጥም ጾም፣ በዓረብኛ ሰውም፣ ጎረቤቶቻችን በኦሮምኛ ሶማ ይሉታል። ሕጉ ነው የየቤቱ። ስለዚህ አንድን ጾም ለማወቅ «ምን ያህል ይከብዳል?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። መጠየቅ ያለበት ከምን ይከለከላል፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ደግሞስ ለምን የሚለው ነው።

ወንድሜ፣ በቪዲዮው መጀመሪያ የተናገርከው፣ አንተን ልመልስልህ። በረመዳን ማታ መብላት ሾልኮ ማምለጫ አይደለም፣ ራሱ ሕጉ ነው። ቁርኣን በሁለተኛው ምዕራፍ የንጋት ነጩ ክር ከጥቁሩ እስኪለይ ብሉ፣ ጠጡ፣ ከዚያ እስከ ሌሊት ጹሙ ይላል። ጎህ ሳይቀድ ሱሑር መብላት የተወደደ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅም ሳይዘገዩ ማፍጠር እንዲሁ። ሌሊቱን ከቀኑ እያገናኙ መጾምን ነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮቻቸውን ከልክለዋል። ማታ አለመብላትን የጾም ጥንካሬ ያደረግከው አንተ ነህ እንጂ ሃይማኖቱ አይደለም።

አንተም፣ ሁለተኛው ተናጋሪ፣ ስማ። የኦርቶዶክስ ጾም «ሽሮ መብላት» አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ጾምን ሲተረጉም የሚጀምረው ከሰዓት ነው። በሕግ በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከል ይለዋል። በ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም በሥርዓቱ የሚጾም ሰው ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃም አይቀምስም። ሽሮው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እርግጥ ነው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፉል በዘይት በልቶ «ጾሜ ነው» የሚል ብዙ ነው። እሱ ግን ከሁለቱ ግማሾች አንዱን፣ የምግቡን ብቻ ይዞ ሰዓቱን ረስቷል። በሱ ላይ ተመሥርቶ ጾሙን መበየን አይቻልም። (የታመመውን፣ ያረጀውን፣ ሕፃኑን ግን አትቁጠሩ። የነሱ ነገር በንስሐ አባት ይታያል። በእስልምናም በሽተኛ፣ መንገደኛ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ፈቃድ አላቸው።)

ጅማ ነንና በቡና ላስረዳ። አንዱ ቡና እሸቱ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ ይደርቃል። ሌላው ከነገለፈቱ በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ጀንፈል የምንለው ነው። የታጠበ ቡና ብቻ የሚያውቅ ሰው ጀንፈሉን አይቶ «ይሄማ ገና ገለፈቱም አልወጣለት፣ አልተሠራም» ቢል አጉል ንግግር ነው። ከነገለፈቱ መድረቁ ነው ሥራው። ጀንፈል የሚበላሸው ሳይገላበጥ ቀርቶ ሲሻግት ነው። የታጠበው ደግሞ ውሃ ውስጥ ከልኩ በላይ ሲቆይ ይበላሻል። ሁለቱም የሚበላሹበት የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ጾምም የሚፈርስበትን የሚወስነው የራሱ ሕግ ነው።

ይህን ለማየት ራቅ ማለት ይረዳል። ሂንዱዎች ከአዲስ ጨረቃና ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ባለው 11ኛ ቀን የሚጾሙት ኤካደሺ የሚባል ጾም አለ። ብዙዎቹ በዚያ ቀን እህልና ጥራጥሬ አይቀምሱም፤ ወተትና ፍራፍሬ ግን ይፈቀዳል። አስቡት፣ እዚያ ጾም የሚያፈርሰው ሽሮው ነው፣ ወተቱ አይደለም! (ሂንዱ ስል ሁሉም ማለቴ አይደለም፤ እንደየአካባቢውና እንደየቤተሰቡ ይለያያል።) አይሁድ በዮም ኪፑር 25 ሰዓት ያህል ምግብም ውሃም አይቀምሱም፤ የቆዳ ጫማም አያደርጉም። ከዚያ በ50ኛው ቀን ቤተ እስራኤሎች ስግድን ሲያከብሩ ግን የሚጾሙት እስከ እኩለ ቀን ነው። የቴራቫዳ ቡድሂስት መነኮሳት ከቀትር በኋላ እስኪነጋ እህል አይበሉም፣ ደግሞም ይህን በየቀኑ ነው የሚያደርጉት። የባሃኢ አማኞች 19 ቀን ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ይጾማሉ። የሲክ ሃይማኖት መሥራች መምህራን፣ ጉሩዎቹ፣ ደግሞ ጾምን እንደ ጽድቅ መንገድ አልተቀበሉትም። ሲክ ባለመጾሙ ምንም አልጎደለበትም። ሃይማኖቱ አልጠየቀውም።

የቡናው ምሳሌ ግን እዚህ ላይ ይደክማል። የታጠበውም ጀንፈሉም መጨረሻቸው ስኒ ነው። ጾሞች ግን መድረሻቸው አንድ አይደለም። ዮም ኪፑር የኃጢአት ማስተስረያ ቀን ነው። ቁርኣን የጾምን ምክንያት ሲናገር አላህን መፍራትን፣ ተቅዋን ይጠቅሳል። ፍትሐ ነገሥት ሥጋ ለነፍስ እንዲታዘዝ ይላል። ሂንዱዎች ጾምን የሚጠሩበት ኡፓቫሳ የሚለው ቃል ፍችው ቀርቦ መኖር ነው። ስለዚህ «ሁሉም ያው ነው፣ አንድ ነው» የሚሉትንም አልቀበልም። በቅን ልብ እንደሚሉት አውቃለሁ። ግን አንድ ነው ብሎ መጠቅለልም ሳያዩ ማለፍ ነው። ክብደቱን ለመቀነስ የሚራበውንም ከዚሁ አትደባልቁብኝ። እሱ ጤናውን እየጠበቀ ነው፣ መልካም ያድርግለት።

በ2017 ዓ.ም ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። የረመዳን ወር በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይመጣል፤ እንዲህ የሚገናኙትም ለጥቂት ዓመታት ነው። ያን ሰሞን ማታ ማታ እዚሁ ጅማ በሂርማታ ሰፈር በኩል ሳልፍ ሳምቡሳ የሚጠብሱ አንዲት እናት ነበሩ። ሁለት ድስት ዘይት ጥደዋል። አንዲት ነጠላ የለበሰች ልጅ ጠጋ ብላ «እናቴ፣ ዘይቱ ሥጋ ነክቶታል?» አለቻቸው። እሳቸው ራሳቸው ከንጋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም፣ አዛኑም ገና አላለም። «ይሄኛው የምስር ብቻ ነው ልጄ፣ ያኛው ነው የሥጋው» አሏትና ከምስሩ ሦስት በወረቀት ጠቅልለው ሰጧት።