ሎኮማት፦ ከስትሮክ በኋላ እግርን የሚያለማምድ ሮቦት

ሎኮማት ስትሮክ እግራቸውን ያዛለባቸውን ሰዎች ትሬድሚል ላይ የሚያራምድ ሮቦት ነው። ዙሪክ ባለው የባልግሪስት ሆስፒታል የተጀመረው በኅብለ ሰረሰር ጉዳት ለተያዙ ሰዎች ሲሆን፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የስዊዘርላንዱ ኩባንያ ሆኮማ ለገበያ አበቃው። ከዚያ በፊት ፊዚዮቴራፒስቶች ግራና ቀኝ ተቀምጠው የታካሚውን እግር በእጃቸው እያነሱ ያራምዱ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚዝለውም የእነሱ ወገብ ነበር።

ታካሚው በመታጠቂያ ከላይ ይያዛል። በሁለቱም እግሮች ዳሌና ጉልበት ላይ አንድ አንድ ሞተር አለ። ቁርጭምጭሚቱ ግን ሞተር የለውም፤ ጣቶቹ እንዳይጎተቱ ወደ ላይ የሚይዛቸው ተለጣጭ ማሰሪያ ብቻ ነው። እሱ ከላላ የእግሩ ጫፍ ትሬድሚሉን ይጠርጋል፣ ያደናቅፋልም።

ልኬቱ ላይ የጠፋ ጊዜ አይቆጭም። ጭን የሚለካው በዳሌ ጎን በጣት ከሚዳሰሰው የአጥንት ጉብታ እስከ ጉልበት መታጠፊያ ነው፤ የአዋቂው ሞዴል ከ35 እስከ 47 ሴንቲ ሜትር ይቀበላል። የማሽኑ መታጠፊያ ከሰውየው ጉልበት ትይዩ ካልሆነ በየእርምጃው ማሰሪያው ባቱን ይፈትጋል። ስሜቱ የደነዘዘ እግር ደግሞ ሲላጥ ባለቤቱ አይሰማውም፤ ስለዚህ ማሰሪያው ሲፈታ ቆዳውን ገልጦ ማየት የግድ ነው።

የቆመው እግር ጉልበቱ ከከዳው የተሸከመው ክብደት በዝቶበታል፤ ተረከዙ ትሬድሚሉን ካልረገጠ ደግሞ ታካሚው ተንጠልጥሏል እንጂ እየሄደ አይደለም። ጡንቻው በድንገት ሲኮማተር ማሽኑ ራሱ ይቆማል። ያኔ ፍጥነቱን ቀንሶ ማሰሪያዎቹን መፈተሽ እንጂ ኃይል መጨመር አያዋጣም።

ትልቁ ችግር ግን ስንፍናን መፍቀዱ ነው። የሞተሩ እገዛ 100 በመቶ ላይ ከተተወ ታካሚው እያንቀላፋም "ይራመዳል"። አሜሪካ ውስጥ ተካሂዶ በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣ፣ 63 ታካሚዎች ባጠናቀቁት ጥናት፣ በመጠኑም ቢሆን መራመድ ከሚችሉት መካከል በተለመደው ፊዚዮቴራፒ የሠለጠኑት በሎኮማት ከሠለጠኑት ይልቅ በአረማመድ ፍጥነት የበለጠ ተሻሽለዋል። በሌላ በኩል የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማ 62 ጥናቶችን አይቶ፣ ሮቦት ከፊዚዮቴራፒ ጋር ሲጣመር ያለ ሰው እገዛ የመራመድ ዕድልን እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ይበልጥ የሚጠቅመውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ላሉና ጨርሶ መራመድ ለማይችሉ ነው። ስለዚህ ማሽኑ መሰጠት ያለበት ለእነዚህ ነው፤ እገዛውም ታካሚው በቻለው ልክ ሊቀነስ ይገባል።

ወለል ላይ የሚደረገው ልምምድም መቅረት የለበትም። የቀድሞዎቹ ሞዴሎች ዳሌን አጥብቀው ስለሚይዙ ክብደትን ወደ ጎን ማዛወርን አያለማምዱም፤ መዞር፣ ከወንበር መነሳትና ደረጃ መውጣት የሚለመዱት ከማሽኑ ወርዶ ነው።