ብርሃን አመንጪ የኢንዛይም መርማሪዎች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ ለባሕር ዳር አንባቢ

ብርሃን አመንጪ መርማሪ የሚባለው፣ አንድ ኢንዛይም በሕያው አካል ውስጥ ሥራ ላይ መሆኑን በብርሃን የሚያሳብቅ ሞለኪውል ነው። ይህ ዳሰሳ በተለይ የታሰበው ለፔዳ ግቢ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ነው፤ አንጋፋዎቹ ፖሊቴክኒክና ፔዳጎጂ በ2000 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ተዋህደው ያስገኙት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲያችን ለእንዲህ ያለው ዕውቀት ባዕድ አይደለም።

በሉሲፈሪን (ብርሃን ሰጪው ውሕድ) እና በሉሲፈሬዝ (እሱን የሚያበራው ኢንዛይም) የሚፈጠረውን የእንስሳት ብርሃን ፈረንሳዊው ራፋኤል ዱቧ በ1880ዎቹ ገልጾታል።

ሰው ሠራሹ ታሪክ የሚደምቀው ከ1987 ወዲህ ነው። በአሜሪካ ዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፖል ሻፕ ቡድን፣ ኢንዛይም ሲነካው የሚያበራ ዳይኦክሲቴን ሠራ። ይህ ሁለት ኦክሲጅንና ሁለት ካርቦን ያሉት ቀለበት በተፈጥሮው ቶሎ የሚፈርስ ነው፤ አዳማንቴን የተባለ ግዙፍ ክፍል ሲደገፍበት ግን ይረጋጋል። ከጎኑ ያለው ፌኖል የተባለ ክፍል መሸፈኛ ይለብሳል፦ ለአልካላይን ፎስፋቴዝ ኢንዛይም ፎስፌት፣ ለቤታ-ጋላክቶሲዴዝ ጋላክቶስ። ኢንዛይሙ መሸፈኛውን ሲቆርጥ ቀለበቱ ይፈርሳል፣ የተለቀቀውም ጉልበት ብርሃን ይሆናል። ቀለበቱ ሲፈርስ ኤሌክትሮን እንዴት እንደሚሸጋገር ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። ከውጭ የሚበራ መብራት ስለማያስፈልግ የጀርባ ብርሃን አይረብሽም፤ ፍሎረሰንስ (የውጭ ብርሃን ተቀብሎ መልሶ ማብራት) ግን አንዳንዴ በቀትር ፀሐይ በጣና ታንኳ ላይ ኩራዝ እንደመፈለግ ነው። ብዙ የሆስፒታል ሆርሞን መመርመሪያ ማሽኖች በዚሁ ኬሚስትሪ ይሠራሉ።

ችግሩ ውኃ ነበር፤ ብርሃኑን ያጠፋዋል። በላቦራቶሪ ሳሙና መሰል ንጥረ ነገሮች ይጨመሩ ነበር፣ ወደ ሕያው አካል ግን አይገቡም። በ2017 በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የዶሮን ሻባት ቡድን ከፌኖሉ አጠገብ ኤሌክትሮን ሳቢ አክሪሌትና መሰሎቹን በመግጠም ድምቀቱን በውኃ ውስጥ እስከ 3,000 እጥፍ አሳደገ። ያም ሆኖ አረንጓዴው ብርሃን በደምና በሥጋ ስለሚዋጥ፣ ምስል የሚነሳው በአብዛኛው አካሏ ትንሽ ከሆነችው አይጥ ነው።

ለጣና ሐይቅ የሚቀርበው የዚህ ቴክኒክ ዘመድ የሆነው ፍሎረሰንስ ነው። የጣና ውኃ በሰገራ መበከሉን ለመፈተሽ ኤምዩጂ የተባለ ውሕድ ያገለግላል፤ ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ያለው ቤታ-ግሉኩሮኒዴዝ ኢንዛይም ሲሰብረው፣ በ365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ሥር ሰማያዊ ያበራል። አደገኛው የኢ. ኮላይ ዝርያ ኦ157፡ኤች7 ግን አብዛኛውን ጊዜ አያበራም፤ ስለዚህ ጨለማ ውጤት ንጽሕናን አያረጋግጥም።

ከሐይቁ በስተምሥራቅ በሊቦ ከምከም በ2005 የካላ አዛር (በሌይሽማኒያ ተውሳክ የሚመጣ፣ ጉበትንና ጣፊያን የሚያጠቃ በሽታ) ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር። የሉሲፈሬዝ ጂን የገባላቸው የሌይሽማኒያ ጥገኛ ተውሳኮች ሉሲፈሪን በተወጋ አይጥ ውስጥ ያበራሉ፤ ተመራማሪውም አይጡን ሳይገድል መድኃኒቱ ተውሳኩን መቀነሱን ይከታተላል። በደም የተሞላው ጣፊያ ብርሃኑን ስለሚውጥ፣ ከጉበት ይበልጥ ለካሜራው ያስቸግራል።