በሐዋሳ ከተማ የንግድ ርችት ትዕይንት አስተዳደርና ቁጥጥር

የንግድ ርችት ትዕይንት የሚባለው ሆቴል፣ ሪዞርት፣ የሙዚቃ ዝግጅት አዘጋጅ ወይም ሌላ የንግድ ድርጅት ለምርቃት፣ ለማስታወቂያ ወይም ለበዓል ዋዜማ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ በባለሙያ የሚያስተኩሰው ርችት ነው። ልጆች በየሰፈሩ ከሚተኩሱት ትንንሽ ርችት የሚለየው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን ገንዘብ የሚከፈልበት፣ ተመልካች የሚጠራበትና የሚጠየቅ የታወቀ አዘጋጅ ያለው በመሆኑ ጭምር ነው። በሐዋሳ ጉዳዩ የተለየ ክብደት አለው፤ ለእንዲህ ያለ ዝግጅት በቅድሚያ የሚታሰበው የሐይቁ ዳርቻ የውቧ ከተማ መታወቂያ፣ የዓሣ አጥማጆቿ መተዳደሪያና የአዕዋፏ ማደሪያ ነውና።

የአስተዳደር መሠረት

ሐዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ በፕላን የተመሠረተች ከተማ ስትሆን ሰፋፊና ዛፍ የለበሱ ጎዳናዎቿ እስከ ዛሬ የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው። በደርግ ዘመን ትልልቅ ሆቴሎች በመንግሥት እጅ ስለነበሩ የግል አዘጋጅና ፈቃድ ሰጪ የሚገናኙበት መስክ ጠባብ ነበር። ከተማዋ ከዚያ በኋላ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆና ቆይታ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት ሲዳማ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ራሱን የቻለ ክልል ሲሆን የአዲሱ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች።

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። የጦር መሣሪያ ስለመያዝ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ግን በአንቀጽ 51 ለፌዴራል መንግሥት የተሰጠ ነው። የርችት ቁጥጥርም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይወድቃል፤ ዕቃው ወደ አገር ሲገባ የፌዴራሉ ጉዳይ ነው፣ ሐዋሳ ደርሶ ሲተኮስ ደግሞ የከተማው ጸጥታ፣ ጽዳትና የነዋሪዎች ዕረፍት ጉዳይ ይሆናል። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ዕቃዎች አመዳደብ ርችት በ3604.10 ተመዝግቦ ይገኛል። በተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃዎች አመዳደብም ከፈንጂዎች ጋር በአንደኛው ምድብ ሥር የተቀመጠ ሲሆን፣ ለትልልቅ ትዕይንቶች የሚውለው በአብዛኛው 1.3ጂ፣ ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጠው ደግሞ 1.4ጂ ተብሎ ይለያል። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሞጆና በሻሸመኔ አድርጎ የሚጓዝ ጭነት የኦሮሚያን ከተሞች ሲያቋርጥ የሐዋሳ አስተዳደር ምንም ማዘዝ አይችልም። ከተማው በእርግጥ የሚቆጣጠረው የማከማቻ ቦታውን፣ የሚተኮስበትን ሥፍራና ሰዓቱን ነው።

በአሠራር ደረጃ አዘጋጁ እንደማንኛውም ሕዝብ የሚሰበሰብበት ዝግጅት በደብዳቤ ያመለክታል፤ የሰላምና ጸጥታ መዋቅሩና ፖሊስም ሳይሰሙ የሚካሄድ ነገር የለም። አዋጅ ቁጥር 3/1983 በጽሑፍ ከ48 ሰዓት በፊት እንዲያሳውቁ የሚያስገድደው ሰላማዊ ሰልፍና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ የሚጠሩትን እንጂ የሆቴል ርችትን አይደለም፤ ስለዚህ የንግድ አዘጋጅ ይህን አዋጅ ጠቅሶ ማሳወቅ ይበቃኛል ሊል አይችልም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም በዋነኛነት የተቀረጸው ለመሣሪያ ነው። ቢሆንም የርችት ድምፅ ከተኩስ ጋር ስለሚመሳሰል በአገሪቱ ትልልቅ ከተሞች በዓላት ሲቃረቡ የጸጥታ አካላት ርችት እንዳይተኮስ ማሳሰባቸው የተለመደ ነው፤ ሕዝብ በድንጋጤ ተገፋፍቶ ከሚደርሰው ጉዳት አንጻር ማሳሰቢያው ተገቢ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ድንጋጌዎች

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉም ግልጽ ሆኖ የሚገኘው የቆየው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በቁጥር 2069 መሠረት የሚፈነዱ ወይም መርዛማ ነገሮችን በመጠቀም ወይም በማከማቸት ሌላውን ሰው ከተለመደው ውጭ ለሆነ አደጋ ያጋለጠ ሰው፣ አደጋው ጉዳት ካደረሰ ኃላፊ ይሆናል። የዚህ ኃላፊነት ዋና ባሕርይ ጥፋት መኖሩን ማስረዳት አለማስፈለጉ ነው። ፍንጣሪ ዓይኑ ላይ የወደቀበት ተመልካች ተኳሹ ቸልተኛ እንደነበር የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ ጉዳቱ ከርችቱ የመጣ መሆኑን ማሳየት ይበቃዋል። ተኳሹም ነፋሱ ድንገት ተቀየረብኝ ወይም ዕቃው ከፋብሪካው ጉድለት ነበረበት ብሎ ከተጎጂው ማምለጥ አይችልም፤ በቁጥር 2086 መሠረት ለመከላከያነት የሚቀርብለት የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው። አንዳንዶች «የሚፈነዳ ነገር» የሚለው ለድንጋይ ማፍረሻ እንጂ ለመዝናኛ ርችት አይሆንም ሊሉ ይችላሉ። የትዕይንት ርችት ከቱቦው የሚወረወረው በባሩድ፣ ሰማይ ላይ የሚበተነውም በፍንዳታ ስለሆነ ክርክሩ የሚያዋጣ አይመስልም።

ሁለተኛው ድንጋጌ ቁጥር 1225 ነው። ባለንብረት በመብቱ ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳያውክ የሚከለክል ሲሆን ጭስን፣ ጥቀርሻን፣ መጥፎ ሽታን፣ ጩኸትንና ንዝረትን በስም ይጠራል፤ መለኪያውም በመልካም ጉርብትና የሚታገሡት ልክ ነው። ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴልና ከጀርባው ባሉ መኖሪያ ቤቶች መካከል ለሚነሣ ቅሬታ ከዚህ የቀረበ ሕግ ማግኘት ያስቸግራል። በዓመት አንድ ሌሊት ለአሥር ደቂቃ የሚተኮስ ርችት በመልካም ጉርብትና ሊታለፍ ይችላል፤ በየቅዳሜው ለሠርግ የሚተኮስ ግን አይታለፍም። የወንጀል ሕጉም በቸልተኝነት እሳት ያስነሣን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል።

ድምፅና ሰዓት

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ወሰን በደረጃ እንዲወሰን ይደነግጋል። በአገሪቱ የድምፅ መመሪያ መሠረት ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል፣ ለንግድ አካባቢ ደግሞ ቀን 65፣ ሌሊት 55 ዴሲቤል ሲሆን ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው። የበዓል ዋዜማ ርችት የሚጠበቀው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ አዲሱን ዓመት የሚቀበል ትዕይንት ሁሉ ከወሰኑ በላይ መውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ፈቃዱ በጽሑፍ የተወሰነ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው በደቂቃ የታወቀ ልዩ ሁኔታ መሆን አለበት። በታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ከየአገሩ የሚመጡ ምእመናን ከተማዋን በሚሞሉበት ጊዜ፣ እንዲሁም የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው ፍቼ ጫምባላላ በሐዋሳው የጉዱማሌ አደባባይ በሚከበርበት ወቅት የንግድ ርችት ከበዓሉ ሥርዓት ጋር እንዳይጋጭ መጠንቀቅ ለከተማዋ ክብር ነው።

ርቀትና የሐይቁ ዳርቻ

የትዕይንት ርችት የሚተኮሰው በአሸዋ ወይም በእንጨት ማቀፊያ ጸንተው ከቆሙ ቱቦዎች ነው። ከእያንዳንዱ ቱቦ ሥር ባሩድ አለ፤ በኤሌክትሪክ ሽቦ ሲለኮስ የሚፈነዳውን ርችት የያዘውን ኳስ ወደ ላይ ይወረውረዋል፣ በውስጡ ያለው የመዘግያ ክርም ከፍታው ላይ ሲደርስ ያፈነዳዋል። ቱቦው በደንብ ካልጸና ከአጠገቡ ያለው ሲተኮስ ያጋድልና ኳሱ ወደ ሰው ይዞራል። በአሜሪካ በሰፊው የሚሠራበት ኤንኤፍፒኤ 1123 የተባለው የአገሪቱ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደረጃ ለእያንዳንዱ ኢንች የኳስ ስፋት ተመልካች 70 ጫማ፣ ማለትም 21 ሜትር ያህል እንዲርቅ ይጠይቃል። በዚህ ስሌት ለ4 ኢንች ኳስ 85 ሜትር፣ ለ6 ኢንች ደግሞ 128 ሜትር ያስፈልጋል። በዙሪያው 85 ሜትር ባዶ መሬት ያለው የሆቴል ግቢ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ፣ ፈቃድ ሰጪው ከሁሉ አስቀድሞ የትልቁን ኳስ ስፋት ጠይቆ ርቀቱን በሜትር ማስለካት አለበት።

ወደ ውሃው አዙሮ ወይም ከተንሳፋፊ ላይ መተኮስ ለተመልካች ደኅንነት ይበጃል፤ ለሐይቁ ግን ሌላ ጥያቄ ያመጣል። የሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና እስከ 22 ሜትር የሚደርስ ጥልቀት ያለው ሲሆን ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባበት ነገር ታጥቦ የሚሄድበት መንገድ የለም ማለት ነው። ርችት ቀዩን ቀለም ከስትሮንቲየም፣ አረንጓዴውን ከባሪየም፣ ሰማያዊውን ከመዳብ ውሁዶች ያገኛል፤ ለማቃጠያ ኦክስጅን ከሚሰጡት ውስጥም ፐርክሎሬት ዋነኛው ነው። በአሜሪካ ኦክላሆማ በአንድ አነስተኛ ሐይቅ ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ ከርችት በኋላ በውሃው ውስጥ ያለው ፐርክሎሬት ብዙ እጥፍ መጨመሩንና ወደ ቀድሞው መጠን ለመመለስ ከ20 እስከ 80 ቀናት መውሰዱን አሳይቷል። የሳንዲያጎ አካባቢ የውሃ ጥራት ቦርድም እ.ኤ.አ. በ2011 በውሃ ላይ ለሚተኮስ ርችት የፍሳሽ ፈቃድ ሥርዓት ዘርግቷል። ሐዋሳ ከሳንዲያጎ ባሕር በእጅጉ ያነሰ፣ መውጫ የሌለው ውሃ ይዛ ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ የምታደርግበት ምክንያት የለም።

አጥማጆች መረባቸውን ወደ ማታ ጥለው ንጋት ላይ ስለሚያነሡ፣ በእኩለ ሌሊት የሚወድቀው የተቃጠለ ካርቶንና የፕላስቲክ ቁርጥራጭ የሚወርደው ቆሮሶና አምባዛ በሚያዝበት ውሃ ላይ ነው። በሐይቁ ዳር በሚገኘው በአሞራ ገደል ዛፎች ላይ አባ ኮዳዎችና ሌሎች አዕዋፍ፣ ጉሬዛዎችም ጭምር ያድራሉ። በኔዘርላንድ በራዳር የተደረገ ጥናት በአዲስ ዓመት ሌሊት ርችት ሲጀምር በሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች ከማደሪያቸው ተነሥተው እስከ 500 ሜትር ከፍታ እንደሚወጡ አረጋግጧል። በአሞራ ገደል አቅራቢያ ርችት አለመፍቀድ አዘጋጆችን የሚጎዳ ነገር አይደለም፤ ዳርቻው ረጅም ነው።

በአዳራሽ ውስጥ

ሙሽሮች ሲገቡ ወይም ኬክ ሲቆረስ ግራና ቀኝ እንደ ፏፏቴ የሚረጨው የፍንጣሪ ማሽን በብዙዎች ዘንድ እንደ ርችት አይቆጠርም፤ ቀዝቃዛ ነው ስለሚባልም የሚጠይቅ የለም። የሚረጨው ግን የጋለ የብረት ብናኝ ነው። የሠርግ አዳራሾቻችን ጣራ በዲኮር ጨርቅ ሲሸፈን፣ የጎን በሮችም ወንበር ሲደረደርባቸው አደጋው ከሐይቅ ዳሩ ይልቅ የከፋ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ በአንድ የምሽት ክበብ 100 ሰዎች፣ በ2013 ደግሞ በብራዚል ሳንታ ማሪያ 242 ሰዎች ያለቁት በአዳራሽ ውስጥ በተተኮሰ ርችት ግድግዳና ጣራ ላይ የነበረ ስፖንጅ በመቀጣጠሉ ነበር። ማሽኑ ከመብራቱ በፊት ጣራውን ቀና ብሎ ማየት፣ በሮቹን መክፈትና የእሳት ማጥፊያ ይዞ የሚቆም ሰው መመደብ ወጪ የለውም።

ከትዕይንቱ በኋላ

ከተተኮሱት መካከል ሳይፈነዱ የሚወድቁ አይጠፉም። ተመልካቹ ወደ ሥፍራው ሳይገባ ባለሙያው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አይቶ ማረጋገጥ፣ ሌሊት በባትሪ፣ ሲነጋ ደግሞ በብርሃን ዳርቻውን እንደገና መፈተሽ ይኖርበታል፤ ጠዋት ቀድመው የሚደርሱት ልጆች ናቸውና። ያልፈነዳው በውሃ ተነክሮ ለባለሙያው ይመለሳል፣ ካርቶኑና ሽቦው ተለቅሞ ይወሰዳል። የጽዳቱን ወጪ አዘጋጁ በማስያዣ መልክ አስቀድሞ እንዲያስቀምጥ ማድረግና ገንዘቡን ዳርቻው ታይቶ ሲያበቃ መመለስ ለማዘጋጃ ቤቱም ለአዘጋጁም ቀላሉ መንገድ ነው።