በስምምነት እየከፈሉ መከሰስ፦ የአዳማ ባለዕዳና የፍርድ ቤት መጥሪያ

አዳማ በንግድ የምትኖር ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጅቡቲ መንገድ ላይ ስለተቀመጠች ዕቃውም መኪናውም ብሩም በእሷ በኩል ያልፋል። ባለሱቁ ከመርካቶ በዱቤ ያመጣል። ባጃጅ የሚገዛው ይበደራል። ሆቴሉ ሥጋውን በወር ሒሳብ ይወስዳል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ዕዳው ይከማቻል። ያኔ ሽማግሌ ይገባና «በየወሩ ይህን ያህል እየሰጠሁ ልጨርስ» ይባላል። ይስማማሉ። ሰውየው ጥቂት ወራት ከፍሎ እፎይ ባለበት ሰዓት ግን የፍርድ ቤት መጥሪያ ይደርሰዋል።

«እየከፈልኩት እንዴት ይከሰኛል?» የብዙዎች የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ ደስ አይልም፤ ሊከስ ይችላል። በአገራችን ነጋዴ ያልሆነ ግለሰብ ዕዳውን በየወሩ ስለከፈለ ብቻ አበዳሪዎቹን ከክስ የሚያግድለት የተለየ ሥርዓት የለም። ለነጋዴዎች በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ዕዳን መልሶ የማደራጀት መንገድ ከፍቷል። ሌላው ሰው በእጁ ያለው ውል ብቻ ነው። ውል ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። ስለዚህ አበዳሪውም በውሉ ይገደዳል። ሁሉም ነገር የሚወሰነው ስምምነቱ በሚለውና በሚረጋገጥበት ማስረጃ ነው።

ወረቀቱ

የክፍያ ስምምነት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በማመልከቻ ጸሐፊዎች ዘንድ ነው። መልኩ የታወቀ ነው። ከላይ «የዕዳ አከፋፈል ስምምነት» ይላል። ቀጥሎ የሁለቱ ስምና አድራሻ፣ ከዚያ የብሩ መጠን በአኃዝና በፊደል ይመጣል። መጨረሻ ላይ «ውሉን ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪ ይህን ያህል፣ ለመንግሥት ይህን ያህል ገደብ ከፍሎ ውሉ በፍ/ሕ/ቁ (በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር) 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ይሆናል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይቀመጣል፤ ከሥሩ የምስክሮች ፊርማ። ይህ መዝጊያ ከውል ወደ ውል ሲገለበጥ የኖረ ነው። ሰውም እሱን ካየ ወረቀቱ የተሟላ ይመስለዋል።

የሚጎድለው መሃሉ ላይ ነው። ክፍያው በቀኑ እስከገባ ድረስ አበዳሪው ክስ አላቀርብም ብሏል? ወለዱ ቆሟል ወይስ ይቀጥላል? አንድ ወር ቢያልፍ ቀሪው ዕዳ በአንዴ ይጠየቃል ወይስ ጥቂት ቀን ይታገሳል? የድሮው የብድር ውል ቀርቷል ወይስ አለ? ስለነዚህ አንድም መስመር የሌለው ወረቀት በችግር ቀን ብዙ አያግዝም። በተለይ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ሰው ይጎዳል። በሕጉ የቀድሞ ግዴታ በአዲስ ግዴታ ተተክቷል የሚባለው ተዋዋዮቹ ይህን ማሰባቸው በግልጽ ሲታወቅ ነው፤ በግምት አይወሰድም። አዲሱ ወረቀት ስለ አሮጌው ዝም ካለ አበዳሪው አሮጌውን ይዞ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል።

በቃል የተደረገ ስምምነትማ ከዚህም የከፋ ነው። በጽሑፍ የተደረገ ውል የሚሻሻለው በጽሑፍ ነው፤ ቁጥር 1722 ይህን ይላል። ሽማግሌዎቹ ጨዋ ሰዎች ቢሆኑም፣ ቃላቸውም እውነት ቢሆን፣ «አዎ፣ በየወሩ ሊከፍል ተስማምተው ነበር» ማለታቸው ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌ ባለበት፣ ቡናው ሳይነሳ፣ ወረቀቱ ተጽፎ ሁለቱ ወገኖችና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። እዚያው ሁሉም ሰው ፊት ለፊት እያለ የማይፈረም ወረቀት በኋላ ፈራሚ አያገኝም።

ክፍያውም እንደዚሁ ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው። ከፈልኩ የሚለውም ወረቀቱን ይጠየቃል። በባንክ ወይም በቴሌብር መላክ ይሻላል፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «የዕዳ ክፍያ» ብሎ ወሩን መጻፍ። ያለዚያ አበዳሪው «ይህ ብር የሌላ ዕቃ ሒሳብ ነው» ሲል መልስ ይጠፋል። በጥሬ ብር የሰጠ የተፈረመ ደረሰኝ ይቀበል፤ ዘመድም ቢሆን፣ ጎረቤትም ቢሆን። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይባል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ የሚከፈለው ብር መጀመሪያ ወጪና ወለድ ላይ ይወርዳል። ብዙ ከፍሎ ዋናው ዕዳ ያልቀነሰለት ሰው ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለ ይርጋም ይወራል። «ዕዳው አሥር ዓመት ስለሞላው አይጠየቅም» የሚል ሰው አይጠፋም። የውል ጥያቄ በመርሕ ደረጃ በ10 ዓመት ይታገዳል። ነገር ግን ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ፣ ለምሳሌ ከዕዳው ላይ ጥቂት ከከፈለ፣ ቆጠራው ተቋርጦ እንደ አዲስ ይጀምራል። በየወሩ የሚከፍል ሰው በይርጋ መተማመን አይችልም።

መጥሪያው ሲደርስ

መጥሪያ አለመቀበል ትልቁ ስህተት ነው። በር ዘግቶ መቀመጥ፣ «የለም በሉት» ማስባል፣ ክሱን አያስቀረውም። በር ላይ ሊለጠፍ ይችላል፤ በጋዜጣም ሊጠራ ይችላል። በቀጠሮው ቀን ያልቀረበ ተከሳሽ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ያን ጊዜ የባንክ ደረሰኙም ስምምነቱም ቤት ውስጥ ቀርተው ዳኛው የሚያየው የከሳሹን ወረቀት ብቻ ነው። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ማወቁን ተከትሎ በአንድ ወር ውስጥ ፍርዱ እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል፤ መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰው ወይም በበቂ ምክንያት እንደቀረ ማስረዳት አለበት። በር ዘግቶ ለነበረ ሰው ይህ ከባድ ነው።

አዳማ ኦሮሚያ ውስጥ ስለሆነች የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ተከሳሽ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልገው ከመጀመሪያው ቀጠሮ አስቀድሞ ቢያሳውቅ ይጠቅመዋል፤ በአማርኛ የተጻፈውን ስምምነትም ማስተርጎም ቢጀምር። አበዳሪው የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሆነ ነገሩ ይለያል። በተለያየ ክልል ነዋሪ በሆኑ ሰዎች መካከል ያለ ክርክር የፌዴራል ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 ለክልል ፍርድ ቤቶች በሰጠው ሥልጣን መሠረት እንዲህ ያለው ጉዳይ በክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። ወይም ውሉ የተደረገው አዲስ አበባ ከሆነ ክሱ እዚያው ይከፈት ይሆናል። ስለዚህ መጥሪያው ላይ መጀመሪያ የሚታየው የፍርድ ቤቱ ስምና የቀጠሮው ቀን ነው።

ቀጥሎ የሚታየው የክሱ ዓይነት ነው። አበዳሪው ባለዕዳው የፈረመበት መተማመኛ (ዕዳውን ያመነበት ወረቀት) ካለውና የብሩ መጠን ቁርጥ ከሆነ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 284 መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊከስ ይችላል። እዚህ ላይ ተከሳሹ እንደ ወትሮው መልስ አስገብቶ አይቀመጥም። መጀመሪያ በመሐላ የተደገፈ ማመልከቻ አቅርቦ እንድከላከል ይፈቀድልኝ ማለት አለበት። ይህን ያላደረገ ሰው ክርክር ሳይሰማ ይፈረድበታል። «መልስ እሰጣለሁ» ብሎ ቀጠሮ ሲጠብቅ ፍርድ የደረሰበት ሰው ያሳዝናል፤ የሚከላከልበት ነገር እያለው።

የመከላከያው ፍሬ ነገር አጭር ነው። ዕዳው እንዳለ የሚያምን ሰው አልተበደርኩም ማለት የለበትም፤ ውሸቱ ሲታይ እውነቱንም ያጠፋበታል። «ተስማምተናል፣ ስምምነቱ ይህ ነው፣ በዚህ ቀን ይህን ያህል ከፍያለሁ፣ የቀረው ጊዜው አልደረሰም» ይበል። በጽሑፍ የተደረገ ስምምነት ካለና ከተከበረ ያልደረሰውን ዕዳ አሁን ክፈል ማለት ያለጊዜው የቀረበ ጥያቄ ነው። ካልተከበረም፣ አንድ ሁለት ወር ያለፈበትም ቢሆን፣ የተከፈለው ከክሱ ላይ እንዲቀነስ ይጠይቃል። ፍርድ ቤቱ የባለዕዳውን ሁኔታ አይቶ ከስድስት ወር የማይበልጥ የእፎይታ ጊዜ የመስጠት ሥልጣንም አለው።

ከሁሉም የሚሻለው መንገድ ግን እዚያው ችሎት ፊት መታረቅ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በክርክሩ መሃል ተስማምተው የክፍያውን ውል ለፍርድ ቤቱ ሲያቀርቡ ውሉ ተመዝግቦ ይጸድቃል። ከጸደቀ በኋላ እንደ ፍርድ ነው። አበዳሪው እንደገና ክስ አይከፍትም፤ ባለዕዳውም የሚታየው በጸደቀው የክፍያ ሰሌዳ ነው። ቤት ውስጥ በተፈረመ ወረቀትና በችሎት በጸደቀ ስምምነት መካከል ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ነው። ዕዳውን የመክፈል ሐሳብ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ እመኛለሁ። በባህል መንገድ መጨረስ ለሚፈልጉም ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ያቋቋማቸው የባህል ፍርድ ቤቶች አሉ፤ ሁለቱም ወገን ሲፈቅዱ ነው የሚያዩት።

ከፍርድ በኋላ

የተፈረደበት ሰው በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ይግባኝ ማለት ብቻውን የፍርዱን አፈጻጸም አያስቆምም፤ የእግድ ትዕዛዝ ለብቻው ይጠየቃል። አበዳሪው የፍርድ ባለመብት ሆኖ የአፈጻጸም መዝገብ ሲከፍት የፍርድ ባለዕዳው ተጠርቶ ንብረቱን ይጠየቃል። በየወሩ ልክፈል የሚለው ሐሳብ እዚህም ሊነሳ ይችላል፤ ያለፉትን ክፍያዎች ያሳየ ሰው የተሻለ ይደመጣል።

ሁሉም ነገር አይወሰድም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 404 የቤተሰቡን ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ መኝታና ለሙያው የሚያስፈልገውን መሣሪያ ከመያዝ ያድናል። ለሦስት ወር የሚበቃ ቀለብም አይነካም። ጡረታ አይነካም። ከደመወዝም ሲሶው ነው የሚያዘው። የሚያድረው በስፌት መኪናው የሆነ ልብስ ሰፊ መኪናው ሊሸጥ ሲል ይህን ቁጥር ይጥቀስ። የተያዘው ንብረት የሌላ ሰው ከሆነ ባለቤቱ በቁጥር 418 ይከራከራል።

ባንክ፣ ቼክና ዋስ

ባንክ ቤትን በመያዣ ካበደረ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልገውም። አዋጅ ቁጥር 97/1990 የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በራሱ ሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። ስለዚህ ከባንክ ጋር የሚደረግ የክፍያ ማስተካከያ በባንኩ ማኅተም በጽሑፍ ካልተሰጠ፣ የቅርንጫፉ ሠራተኛ «ችግር የለም» ማለቱ ሐራጁን አያስቆምም።

ቼክ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ለዋስትና ብሎ የተፈረመ ቼክ ባንክ ቀርቦ ስንቅ፣ ማለትም በሒሳቡ በቂ ገንዘብ፣ ከሌለው ደረቅ ቼክ ነው፤ ጉዳዩ ከፍትሐ ብሔር ወደ ወንጀል ይሻገራል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቁጥር 693 ሆን ተብሎ ለተሰጠ ደረቅ ቼክ እስከ 10 ዓመት የሚደርስ እስራት አስቀምጧል። አዲስ የክፍያ ስምምነት ሲፈረም የድሮዎቹ ቼኮች ቁጥራቸው ተጽፎ ይመለሱ።

ዋስ የሆነ ሰውም አይረሳ። ባለዕዳው እየከፈለ አበዳሪው ዋሱን ሊከስ ይችላል፤ በተለይ ዋስትናው የአንድነትና የነጠላ (ዋሱ እንደ ባለዕዳው በቀጥታ የሚጠየቅበት) ከሆነ ዋናውን ባለዕዳ አስቀድሞ መክሰስ አይጠበቅበትም። የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በውሉ ላይ ካልተጻፈ ግን ዋስትናው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋጋ የለውም። ዋሱ መጥሪያ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያነበው የፈረመበትን ገጽ ነው። ከፍሎ ከጨረሰም ብሩን ከባለዕዳው የመጠየቅ መብት ስላለው፣ የከፈለበትን ደረሰኝና የፍርዱን ግልባጭ ይያዝ።